ቀይ ጭቃ፣ ነጭ ቅብ፣ ማር የሚመስል ግሌዝ፦ የቢዛንታይን ስግራፊቶ ሳህን አሠራር

የቢዛንታይን ሸክላ ብዙ ዓይነት ነው። በቢዛንታይን መንግሥት ዋና ከተማ በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከነጭ ጭቃ የተሠሩ ግሌዝ የለበሱ ዕቃዎች ነበሩ፤ ኋላም በዚያው ነጭ ጭቃ ላይ በብዙ ቀለም የተሣሉ መጡ። በትርፍ ጊዜው ሸክላ ለሚሠራ ሰው ግን ከሁሉ የሚመቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የገነነው ስግራፊቶ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መጫርን ያመለክታል። ከታች ቀይ ጭቃ፣ በላዩ ስስ ነጭ ቅብ (በውኃ የተበጠበጠ ነጭ ጭቃ)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግሌዝ አለ፤ ግሌዝ ማለት በእሳት ቀልጦ ሸክላውን እንደ ብርጭቆ የሚያለብሰው ሽፋን ነው። ነጩ ቅብ ሳይደርቅ በሹል ነገር ሲጫር ከሥሩ ቀዩ ጭቃ ብቅ ይላል። ሥዕሉ ያ ነው።

ብዙ ሰው ጭንቀቱን ሁሉ ግሌዙ ላይ ያደርጋል። የሳህኑ ዕጣ ግን በአመዛኙ የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ቅቡ ከተቀባ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ እዚያ ስንደርስ ረጋ ብለን እናያለን።

የትኛውን ሳህን እንሥራ?

መጀመሪያ አንዱን ዓይነት ምረጡ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቀጭን ጭረት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ጋር በአንድ ሳህን ላይ ሲደባለቅ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚቆፍሩባት በቆሮንቶስ ብዙ ቀጭን ስግራፊቶ ተገኝቷል፤ መሐሉ ላይ ክብ ሜዳሊያ፣ በውስጡ የተጠማዘዘ ሐረግ ወይም ወፍ፣ በዙሪያው አንድ ጠባብ መቀነት፣ የቀረው ነጭ ሜዳ። ከ12ኛው ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ላይ ደግሞ በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ቅብ በሰፊው ተፍቆ ጥንቸሉ ወይም ወፉ ነጭ ሆኖ በቀይ መሬት ላይ የሚቀርበት ዘዴ መጣ። ለጀማሪ ይህ የተፋቀው ዓይነት ይቀላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥን ይሸፍናልና። በ1927 እና በ1928 (እ.ኤ.አ.) በቁስጥንጥንያ የዜውክሲጶስ መታጠቢያ ፍርስራሽ ላይ በተደረገው ቁፋሮ ስሙን ያገኘው "ዜውክሲጶስ" የሚባለው ደግሞ ግድግዳው ስስ፣ ግሌዙ አብረቅራቂ፣ ጌጡ ክብ በክብ ነው። ስስ ግድግዳ ማውጣት እጅ ካልለመደ ስለሚያስቸግር ለኋላ አቆዩት። በሰሜን ግሪክ ባሉት በሰሬስና በተሰሎንቄ የተሠሩ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሳህኖች ላይ በጭረቱ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ጣል ጣል ይደረግበታል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው የቆሮንቶስ ዓይነት ሳህን ነው።

እርሳስ (መርዛማው ማዕድን) አይነካም

የቢዛንታይን ሸክላ ሠሪዎች ግሌዙን የሠሩት ከእርሳስ ኦክሳይድና ከሲሊካ (ከአሸዋ ዋና ማዕድን) ነው። እርሳስ በዝቅተኛ ሙቀት ያቀልጣል፣ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፣ ከመዳብ ጋር ሲሆን የሣር አረንጓዴ ያወጣል። ይህ ሁሉ ውበት አለው፤ ቢሆንም ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ዱቄቱ ሲተነፈስ ይመርዛል። በእሳት ጊዜ ተንኖ በእቶኑ ጡብ ላይ ይቀመጥና በሚቀጥሉት ዙሮች ሌላውን ዕቃ ይበክላል። ከተተኮሰም በኋላ በሎሚና በኮምጣጤ ይለቃል፤ መዳብ ሲጨመርበት መልቀቁ ይብሳል። "ሊድ ባይሲሊኬት" ተብሎ የሚሸጠውም ያው እርሳስ ነው። ቦሮን ያለበት፣ እርሳስ የሌለበት ፍሪት (ቀልጦ የተፈጨ የብርጭቆ ዱቄት) ተጠቀሙ። ልዩነቱን በቀለም ማስተካከል ይቻላል።

ጭቃውና ቅርጹ

ከ1000 እስከ 1080 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚተኮስ ቀይ ጭቃ ያስፈልጋል። የተዘጋጀ መግዛት ይሻላል። ቆፍራችሁ የምታመጡት ከሆነ አድርቁት፣ በውኃ አሟሙታችሁ በ80 ሜሽ (በአንድ ኢንች 80 ቀዳዳ ባለው) ወንፊት አሳልፉት፣ ከዚያም ደረቁ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። የኖራ ጠጠር ከተኩሱ ቀናት በኋላ እርጥበት ስቦ ያብጥና ሳህኑን እየገመሰ ይወጣል፤ በደንብ ያልተነፋ ጭቃ ላይ ይህ የማይቀር ነው።

መቀነሱንም ለኩ። በእርጥብ ጭቃ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ምቱና ከተኩስ በኋላ ለኩት። 8.9 ከሆነ 11 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው፤ እንግዲያው 24 ሴንቲ ሜትር ለማግኘት ሳህኑ በእርጥቡ 27 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ከ1.6 እስከ 1.8 ኪሎ ጭቃ በመንኮራኩሩ ላይ እያዞራችሁ ቅርጽ አውጡለት። ጥልቀቱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጎኑ ወደ ውጭ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ይሁን። የውስጡ መሬት በጣትም በማለስለሻም ከአንድ ጊዜ በላይ ይታሽ፤ እዚህ የቀረች ጎድጓዳ የጣት መስመር ኋላ ጭረቱን ታስታለች። ጫፉ ድፍን ክብ እንጂ ስለታም አይሁን፤ ከስለታም ጫፍ ቅብም ግሌዝም ይሸሻል። ጭቃው እርጥብ ቆዳ ሲመስል ገልብጣችሁ ከሥሩ ፋቁትና ስፋቱ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝቅ ያለ የቀለበት እግር አውጡለት። ግድግዳው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

ቅቡ

ለ1 ኪሎ ደረቅ ድብልቅ፦ ቦል ክሌይ (በቀላሉ የሚለጠጥ ደቃቅ ጭቃ) 400 ግራም፣ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) 250፣ ሲሊካ 200፣ ፍሪት 150። ዱቄቱን ከመንካታችሁ በፊት ደቃቅ ብናኝ የሚያግደውን ኤፍኤፍፒ3 ማስክ አድርጉ፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ዱቄቱን 1 ሊትር ውኃ ላይ ጨምሩ (ውኃውን ዱቄቱ ላይ ካፈሰሳችሁ ይጓጉላል)፣ አሳድሩት፣ በማግሥቱ በ80 ሜሽ ወንፊት ሁለት ጊዜ አሳልፉት። ውፍረቱን በዓይን ለሚለካ፣ ለስስ እንጀራ የተዘጋጀ ሊጥ ይመስላል። በሚዛን ለሚለካ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ140 እስከ 145 ግራም ይመዝናል።

ፍሪቱ በቅቡ ውስጥ ያለው ሥራ ቅቡን ከጭቃው ጋር በእሳት ማያያዝ ነው። ያለ እሱ ነጩ ከተኩስ በኋላ በተለይ በጫፉ በኩል እንደ እንቁላል ቅርፊት ይላጣል።

ቅቡ የሚቀባው እግሩ ተፍቆ እንዳበቃ፣ ሳህኑ ገና እርጥብ ቆዳ እንደመሰለ ነው። በጣት ስትጫኑት ካልሰረጎደ፣ በጥፍር ስትጭሩት ግን በቀላሉ ከተቆረጠ ሰዓቱ ነው። ቀለሙ መንጣት ከጀመረ አልፏል፤ ጭቃው መቀነሱን ሊጨርስ ስለሆነ በላዩ ላይ የሚቀባው እርጥብ ቅብ ብቻውን ይቀንስና ይሰነጠቃል። ሁለት ጣሳ ያህል ቅብ በሳህኑ ውስጥ አፍስሱ፣ ዙሪያውን አዙሩት፣ በአንድ ትንፋሽ መልሳችሁ ገልብጡት። ከጫፉ አልፎ ወደ ውጭ ትንሽ ቢንጠባጠብ አትጥረጉት፤ የጥንቶቹም ላይ አለ፤ የውጭው ጎን በብዙዎቹ ያልተቀባ ነው። ሲደርቅ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከሳሳ ቀዩ ጭቃ ከሥር ይታይና ግሌዙ ቆሻሻ ቢጫ ይሆናል።

የቅቡ ውኃ ጭቃውን መልሶ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ሳህኑን ለተወሰኑ ደቂቃዎች በጫፉ ሳይሆን በእግሩ አስቀምጡት፤ ካልሆነ ጎኑ ይወድቃል።

ጭረቱ

አሁን መጠበቅ ነው። አዲስ የተቀባ ቅብ ያብረቀርቃል። ብልጭታው ከጫፉ ጀምሮ ወደ መሐል እየጠፋ ይሄዳል፤ መሐሉ መጨረሻ ላይ ይደርቃል። መሐሉም ደብዛዛ ሲሆንና ጣት ሲነካው ነጭ ሳይይዝ ሲቀር ጀምሩ። እንደ አየሩ ግማሽ ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ስለሚችል በሰዓት ሳይሆን በጣት እመኑ። ቀድማችሁ ከጫራችሁ ቅቡ መሣሪያው ላይ እየተጠቀለለ መስመሩን መልሶ ይሞላዋል። ከዘገያችሁ የመስመሩ ጠርዝ እየተሸራረፈ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ማራዘም ከፈለጋችሁ ገና የማትሠሩበትን ግማሽ በፕላስቲክ ሸፍኑት።

መሣሪያው 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምስማር ነው፤ ጫፉ በድንጋይ ተስሎ በጥቂቱ ይደነዝዝ። በጣም የሾለ ጫፍ ጠባብና ጥልቅ ስንጥቅ ይተዋል፤ ግሌዙ ያንን ይሞላውና መስመሩ ይጠፋል። ክቦቹን መንኮራኩሩን ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ምስማሩን አንድ ቦታ ይዛችሁ አውጡ። ከመሐል ውጭ ያሉ ትንንሽ ክቦችን በኮምፓስ ሥሩ፤ የኮምፓሱ እግር ቅቡን እንዳይወጋ የአተር ፍሬ የምታህል ጭቃ ከሥሩ አድርጉለት።

ወፍ ስትሥሉ ከምንቃሩ ጀምሩ። ከምንቃር ወደ ራስ፣ በአንገት፣ በደረት፣ በሆድ አድርጋችሁ እስከ ጅራት በአንድ ጉተታ ውረዱ። መሣሪያውን ወደ ራሳችሁ እየጎተታችሁ፣ መዞር ሲያስፈልግ ሳህኑ እንጂ እጃችሁ አይዙር። የጥንቶቹን መስመር ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ያልተቀጠለ፣ በጥድፊያ የተጎተተ ነው፤ አንዳንዱ ከሜዳሊያው ክብ ላይ ያልፋል። ተለክቶና ተቀጣጥሎ የተጫረ መስመር ትክክል ቢሆን እንኳ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ያንኑ ወፍ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ሃያ ጊዜ ሣሉት፤ እጅ ሲያውቀው ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ክንፉን በትንንሽ ቅስቶች ሙሉት፣ የቀረውን ክፍት ቦታ በሐረግ።

ጥልቀቱ ቅቡን አልፎ ጭቃውን መንካት ብቻ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ይበዛል እንጂ አያንስም። ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ሁለተኛውን ከመስቀለኛው ትንሽ አስቀድማችሁ አቅልሉት፤ ነጩ ማዕዘን ተፈንቅሎ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። በመስመሩ ዳርና ዳር የሚቆለለውን ፍርፋሪ አትንኩት፣ አትጥረጉት። እርጥቡን ከጠረጋችሁት ቀዩ በነጩ ላይ ይለቀለቃል፤ ያ ደግሞ አይለቅም። ሲጠነክር በለስላሳ ብሩሽ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ አንስታችሁ ጣሉት። ለተፋቀው ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ ዙሪያውን በምስማር ጭራችሁ ከልሉ፣ ከዚያ 4 ሚሊ ሜትር በሆነ መፋቂያ ከክልሉ ወደ ውጭ ፋቁ።

ሳህኑን ተገልብጦ፣ በጨርቅ ሥር፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን በቀስታ አድርቁት።

የመጀመሪያው እሳት

ከሰሬስና ከሌሎች ከተሞች የሸክላ ሥራ ጥራጊ ውስጥ ተቀብተውና ተጭረው ግሌዝ ያልለበሱ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፤ ሁለት ጊዜ መተኮስ እንግዲህ የጥንቱም ልማድ ነው። በኤሌክትሪክ እቶን እስከ 90 ዲግሪ ወስዳችሁ ለሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፣ እስከ 600 በሰዓት 80 ዲግሪ፣ ከዚያ በሰዓት 150 ዲግሪ እስከ 1060 (ኮን 04 የሚባለው፣ ሙቀት የሚለካበት ትንሽ ሾጣጣ የሚታጠፍበት)። መጨረሻው ላይ 15 ደቂቃ ይቆይ። 573 ዲግሪ ላይ በጭቃው ውስጥ ያለው የኳርትዝ (የሲሊካ) ቅንጣት መጠኑን በድንገት ይለውጣል፤ ሲወጣም ሲወርድም በዚያ አካባቢ መሮጥ ሰፊ ሳህን ይሰነጥቃል። በሜዳ ላይ በእንጨት መተኮስ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሙቀቱ አይደርስም፣ አመዱም ግሌዙ ላይ ይጣበቃል።

ግሌዙ

ፍሪት (ፌሮ የተባለው ኩባንያ ቁጥር 3195) 850 ግራም፣ ካኦሊን 150 ግራም፣ ውኃ 900 ሚሊ ሊትር። 100 ሚሊ ሊትሩ ከ145 እስከ 148 ግራም ይመዝን። ይህ ጥርት ያለ፣ ቀለም አልባ ግሌዝ ነው፤ ብቻውን ግን ሳህኑን የዘመናዊ ሻይ ቤት ዕቃ ያስመስለዋል። የቢዛንታይን ግሌዝ ከአሸዋውም ከጭቃውም ብረት እየወሰደ ቢጫ ጣል ያደርግበታል። ለገለባ ቢጫ 10 ግራም ቀይ የብረት ኦክሳይድ፣ ለማር ቀለም 30 ግራም ጨምሩ። ለአረንጓዴ 25 ግራም ኮፐር ካርቦኔት ይበቃል፤ ቦሮን መዳብን ወደ ሰማያዊ ስለሚጎትተው ከ5 እስከ 10 ግራም ብረት ጨምራችሁ ወደ ሣር አረንጓዴ መልሱት። ኮፐር ካርቦኔት መርዛማ ነው፤ ጓንት አይለየው።

የተተኮሰውን ሳህን በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግ አድርጉት። ይህ አቧራውን ያነሣል፣ በጭረቱ ውስጥ የታመቀውንም አየር ያስወጣል። ሳይጠረግ የቀረ ሳህን ላይ ልክ በመስመሮቹ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይሰለፋል። ከዚያ ግሌዙን ውስጡ አፍስሱ፣ ሦስት እየቆጠራችሁ አዙሩ፣ ገልብጡ። ውፍረቱ የፖስታ ካርድ ያህል ነው። ብዙ ማድረግ ትልቅ ፈተና ነው፤ ቦሮን ያለበት ግሌዝ በቀይ ጭቃ ላይ ሲወፍር ወተት የመሰለ ሰማያዊ ዳመና ያመጣል፤ ቀዩ መስመር ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ይህን ካያችሁ ቀለሙን አትውቀሱ፤ በሚቀጥለው 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሩ። እግሩን ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉት።

የሰሬስ ዓይነት ለሚሠሩ፦ ከግሌዙ በፊት የብረት ኦክሳይድና ኮፐር ካርቦኔት በየዕቃቸው በውኃ በጥብጣችሁ በብሩሽ ጣል ጣል አድርጉ። ከመስመሩ ይውጣ። ቀለሙን በመስመር ውስጥ እንደ ልጆች መጽሐፍ መሙላት የሳህኑን ባሕርይ ያጠፋዋል።

ጉልቻው

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በቢዛንታይን እቶኖች ውስጥ ባለ ሦስት እግር ትንሽ የሸክላ መደገፊያ ተለመደ። ነገሩ ትንሽ ጉልቻ ነው፤ በታችኛው ሳህን መሐል ይቀመጥና የላይኛውን ሳህን ይሸከማል፤ ግሌዞቹ አይነካኩም። ከዚያ ዘመን በኋላ ባሉ ብዙ ሳህኖች መሐል ሦስት ትንንሽ ጠባሳዎች የሚታዩት በዚህ ነው። የ12ኛውን ክፍለ ዘመን ሳህን የምትመስሉ ከሆነ ጠባሳው አያስፈልግም፤ እያንዳንዱን በራሱ መደርደሪያ ላይ ተኩሱ። የ13ኛውንና የ14ኛውን ከሆነ ከዚያው ቀይ ጭቃ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉልቻ ሥሩ፣ እግሮቹን አሹሉ፣ አስቀድማችሁ ለብቻው ተኩሱት። እግሩ ከደነዘዘ በግሌዙ ውስጥ ሰምጦ ሲነቀል ቅቡንም ይዞ ይሄዳል። ከሦስት ሳህን በላይ አትደራርቡ።

ሁለተኛው እሳት በሰዓት 120 ዲግሪ እስከ 1030 (በኮን 06 እና በኮን 04 መካከል) ነው፤ ጫፉ ላይ 15 ደቂቃ። ከመጀመሪያው ዝቅ ያለበት ምክንያት ጭቃው ጋዙን አስቀድሞ እንዲጨርስ ነው፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ ጋዙ በቀለጠው ግሌዝ ውስጥ እየተንተከተከ ይወጣል። እቶኑ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይከፈት።

ሳህኑ ከወጣ በኋላ ለቀናት ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግሌዙ እየተሰነጣጠቀ ነው፤ ከጭቃው በላይ ተኮማትሯል። ከፍሪቱ 50 ግራም ቀንሳችሁ 50 ግራም ሲሊካ ተኩ፤ ካልበቃው እንደገና 50። በተቃራኒው ጫፉ ላይ ግሌዙ እንደ ስለት እየተፈነቀለ ከወጣ ሲሊካው በዝቷል፤ ያን ሳህን ለምግብ አትጠቀሙበት፤ ፍንካቹ ስል ብርጭቆ ነው። ግሌዙ ሸሽቶ ደሴት ደሴት ከሠራ ደግሞ ወይ አቧራ ነበረበት ወይ ወፍሯል።

የጉልቻውን ጠባሳ መነጽር አድርጋችሁ፣ በውኃ እያራሳችሁ በካርቦራንደም (በጠንካራ መሞረጃ) ድንጋይ አለስልሱት። አረንጓዴውን ሳህን ምግብ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ግማሹን በኮምጣጤ ሙሉትና ለ24 ሰዓት ተዉት። የነካው ቦታ ካልነካው ጋር ሲተያይ ከደበዘዘ ወይም ኮምጣጤው ከቀለመ መዳቡ እየለቀቀ ነው፤ ያ ሳህን ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ምልክት ካልታየም ፈተናው የሚያሳየው በዓይን የሚለየውን ብቻ ስለሆነ፣ በአረንጓዴው ሳህን ሎሚና ኮምጣጤ ያለበትን ምግብ አታሳድሩ።